የወይዘሮ አስካለ መሐላ

ሲያትል፤ ረቡዕ፣ ኅዳር ፲፰ ቀን ፲፱፻፹፱ ዓ.ም.

ለኅሊናዬ፦ የዛሬውን ነገር በእሑዱ የሬዲዮ ዝግጅቴ ከማሰማቴ አስቀድሞ በአንተ ፊት ላቆመው ስለ ወደድሁ ይህን ጻፍሁ።

አዲሱ ሕግ ዜጋ ያልሆኑ አረጋውያንን ከመንግሥት ድጎማ ሊያስወጣ ነው። ሬኒየር ቫሊ ሰፈር የሚኖሩት ወይዘሮ አስካለም ማስጠንቀቂያው ደርሷቸዋል። የልጃቸው የሆቴል ጽዳት ደመወዝ ለቤት ኪራዩ እንኳ አይበቃም። ድጎማው እንዳይቀርባቸው የዜግነቱን ፈተና ጥያቄዎች በቃላቸው አጥንተዋል፤ መሐላው ላይ ሲደርሱ ግን «አልምልም» ብለው ቆሙ።

«እማዬ፣ እጅሽን አንሺና በይ በቃ፤ ታዲያ ምን ችግር አለው?» አለች ልጃቸው፣ ዛሬ ለዝግጅቴ ልቀርጻቸው ቤታቸው በተገኘሁ ጊዜ።

ደሜ ፈላ። ሽማግሌን ካላስማለ የማያጎርስ መንግሥት ምን ይባላል? በእናቷ እምነት የምትቀልድ ልጅስ? መቅረጫዬ እንደ ተከፈተ ልጂቱን በብርቱ ገሠጽኋት። ከዚያም ወደ እናቲቱ ዞሬ፣ አድማጭ ይማርበት ብዬ፣ «ይህን ጽናት ከማን ተማሩት?» ስል ጠየቅኋቸው።

ወይዘሮ አስካለ ትክ ብለው አዩኝ።

«ከማን ይሆናል ጌታዬ፤ በሬዲዮ ‹ለእንጀራ ብሎ የሚምል ነፍሱን ሸጠ› ያሉን እርስዎ አይደሉ? እንግዲህ እርስዎው ‹ማይ› ይበሉኝና ልማል።»