ምሰሶ ያቆመው አባቴና የዛሬው ሶሌታ

አባዬ፣

እንዴት ከረምክ ብዬ ልጀምር አስቤ ነበር፤ እማዬ ብትሰማ ለሄደ ሰው እንዲህ አይባልም ብላ ትቆጣኛለች። ከተለየኸን ሦስተኛው መስቀል አለፈ። ይህን የምጽፍልህ ቡታጅራ፣ የሲሚንቶ ከረጢት ላይ ተቀምጬ ነው። ዛሬ የምቆጣጠረው ፎቅ ሶሌታ፣ የወለሉ ኮንክሪት፣ ይሞላል፤ ኮንክሪቱን የሚያመጣው ሚክሰር እስኪመጣ እጠብቃለሁ። መጠበቁን ግን አልቻልኩበትም። ደጋግሜ እየተነሳሁ የታሰረውን ብረት አይቼ እመለሳለሁ። ብረቱ ደህና ነው።

እቤትም ደህና ናቸው። እማዬ መጥረቢያህን እስካሁን ለማንም አላዋሰችም። ታናሼ ዘንድሮ ጉብሬ ካምፓስ ገባች፤ ኢንጂነሪንግ ልምረጥ ወይስ ይቅርብኝ እያለች ትደውልልኛለች። ለሴት ይከብዳል ይሏታል። እንጨት እየጠረበ ቤት ስለሚሠራ ብቻ ዝቅ ተደርጎ ለሚታየው ለእኛ ወገን ደግሞ የባሰ ነው። ዛሬ ማታ መልስ እሰጥሻለሁ ብያታለሁ።

መልሱን ያዘገየሁበት ነገር እንዲህ ነው። ፎቁን የሚያሠራው ነጋዴ የቸሃ ሰው ነው። የሳይቱ ኢንጂነር እኔ መሆኔን ሲያይ መጀመሪያ ፊቱ ጠቆረ፤ ፎርማኑማ ወንድ ኢንጂነር የለም ወይ እያለ ስንት ቀን ነዘነዘኝ። ሥራዬን ሲያዩ ለመዱኝ። ምሳ እዚሁ ሳይቱ አጠገብ ባለው ቤታቸው ከነጋዴው ቤተሰብ ጋር፣ ከእናቱ ጎን ተቀምጬ እበላ ጀመር። ከትናንት ወዲያ እናቲቱ የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቁኝ። ስምህን ነገርኳቸው። ወዲያው አወቁህ፤ ቸሃ ያለውን የቤታቸውን ምሰሶ ያቆምከው አንተ ነህና። አወቁህና ሳህናቸውን ከእኔ ራቅ አደረጉ። ከዚያ ወዲህ ለምሳ የሚጠራኝ የለም። ነጋዴውም የሚደውለው ለፎርማኑ ነው፤ ሌላ ኢንጂነር እያፈላለገ ነው ይባላል።

ያ የቸሃው ቤት ትዝ ይለኛል፤ ልጅ ሆኜ ተከትዬህ ሄጄ ነበር። ምሰሶውን አቁመህ፣ ጣሪያውን አዋቅረህ ስትጨርስ፣ ሳህናቸውን እንዳትነካ ወደ ውስጥ ሳያስገቡህ ምግብህን በኮባ ቅጠል አድርገው ደጅ አመጡልህ። የሚያፈስ ጣሪያ ብሠራ ኖሮ ለጥገና እንኳ ወደ ውስጥ ያስገቡኝ ነበር ብለህ ቀለድክ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅኩም፤ እስካሁንም አልሳቅኩም። ዛሬ ክትፎ በኮባ ቅጠል የሚቀርበው ለክቡር እንግዳ ሆኗል። ብታይ ትገረም ነበር።

አባዬ፣ ፈርቻለሁ። ስምህን ባልናገር ይሻል ነበር ወይ እላለሁ፣ ወዲያው ደግሞ በራሴ አፍራለሁ። ከዚህ ሥራ ካባረሩኝ ታናሼን በምን አፌ ግቢበት እላታለሁ?

ሚክሰሩ መጣ፤ ድምፁ ይሰማኛል። ነጋዴውም አብሮ መጥቷል፣ ሌላ ኢንጂነር ግን ከጎኑ አላየሁም። በግ ታርዷል፤ ሶሌታ በሚሞላበት ቀን ሠራተኛ ሳይበላ አይሄድም። አሁን ሄልሜቴን አድርጌ ወደ ላይ እወጣለሁ። ምሳ ሲደርስ በቅጠልም ይሁን በሳህን፣ ምርጫው የነሱ ነው። እኔ የሚጠራኝ ባይኖርም ውስጥ ገብቼ ከእናቲቱ ጎን፣ ከቦታዬ እቀመጣለሁ። የማን ልጅ ነሽ ብለው ቢደግሙልኝ እኔም ስምህን እደግምላቸዋለሁ። ማታ ለታናሼ ደውዬ ምረጪው እላታለሁ፤ የማን ልጅ ነሽ ሲሉሽም ጮክ ብለሽ ተናገሪ እላታለሁ። ከእንግዲህ ስምህን ደጅ ትተን የምንገባበት ቤት አይኖርም።

ልጅህ