በአረንጓዴው በርሜል የተፈሩት የወይዘሮ አልታየች ፈንታሁን የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ አልታየች ፈንታሁን ከአባታቸው ከአቶ ፈንታሁን አምላኩ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሀይማኖት ኪዳነማርያም በመካነ ሰላም አቅራቢያ በ1968 ዓ.ም. ተወለዱ። ፊደል ከቤተ ክርስቲያን፣ ቀለም ከመካነ ሰላም ትምህርት ቤት፣ የላቦራቶሪ ሙያን ከደሴ ቀሰሙ። በ1991 ዓ.ም. ከአቶ ውበቱ አለኸኝ ጋር ትዳር መሥርተው መቅደላዊትንና አምባቸውን አፍርተዋል።

በ2013 ዓ.ም. ለጾም ከዓባይ በረሃ የሚወጣውን ዓሣ የሚያጸዱት ወይዘሮ ዘይነባ እጣቢውን ወንዝ ቢደፉት፣ ከብቱ ውኃውን አሽትቶ ተመለሰ። ወይዘሮ አልታየች እጣቢውን በበርሜል ተቀብለው አጠለሉት፤ አፈሉት፤ የአፋር ጨው ጨምረው ባሕር አደረጉት። ከአዲስ አበባ በጠርሙስ ያመጡትን፣ አልጌ የተባለ በዓይን የማይታይ የባሕር ተክል ዘሩበት። በአሥር ቀን በርሜሉ እንደ ጎመን አረንጓዴ ሆነ፤ አልጌው ደርቆም የዶሮ ቀለብ ሆነ፤ በርሜሎቹም በዙ። ወይዘሮ ዘይነባም «አልትዬ፣ የኔ እጣቢ ባንቺ እጅ ማሳ ሆነ እኮ፣ ወላሂ!» ይሏቸው ነበር።

ከዚያ ፍርሃት መጣ። ያመጣው የእህታቸው ልጅ ንጉሡ ነው። በርሜሉ ውስጥ ከምጽዋ የመጣ አውሬ አለ፣ የአጅባርን ነጋዴ በቅሎ ከነጭነቷ ውጧል ብሎ ገበያ ላይ አወራ፤ ገበያውም ሳቀ። አልበቃውም፤ ጎረቤታቸው ፋጢማ ውኃ ቀድታ ስታልፍ፣ ከአጥር ጀርባ ሆኖ ለአልጌው አየር በሚያስገባው ቱቦ ቢነፋበት በርሜሉ ተንፈቀፈቀ። ድምፁን አጎርንኖም «ፋጢማ… ፋጢማ…» አለ። ፋጢማ ጄሪካኗን ጥላ ሮጠች። ከዚያ ወዲያ የሳቀ የለም። ሕፃን በታመመ ቁጥር በርሜሉ ተጠረጠረ፤ ድንጋይ ይወረወር ጀመር። ንጉሡ ውሸቴን ነው ቢል «አውሬው ነው የሚያስለፈልፈው» ተባለ።

ወይዘሮ አልታየችም ፈሩ፤ አውሬ ግን አልነበረም ያስፈራቸው። በርሜሎቹ ከተገለበጡ ጨዋማው ውኃ ቁልቁል ወርዶ የጎረቤትን ገብስ ይፈጃል፤ መሬቱም ለዓመታት አያበቅልም። የልብ ሕመም ጸንቶባቸው እንኳ ደጅ ተቀምጠው ይጠብቁ ነበር። የካቲት 6 ቀን 2017 ዓ.ም. በ49 ዓመታቸው ሲያርፉ፣ የመጨረሻ ቃላቸው «ገብሱን አደራ» የሚል ነበር። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና አንድ ጥፋተኛ የእህት ልጅ ትተዋል።

ያ ንጉሡ እኔ ነኝ፤ ይህን የጻፍኩትም እኔው ነኝ። ከቀብር መልስ በርሜሎቹን ለመገልበጥ የተማከራችሁ አላችሁ፤ ሰምቻለሁ። በአስከሬናቸው ፊት እናገራለሁ፤ አውሬ የለም። አላምንህም ያለኝ ከቀብር መልስ ይምጣ፤ በርሜሉ ውስጥ እስከ አንገቴ ገብቼ እቆማለሁ። ከዋጠኝ ያኔ ድፉት።

ፍርሃት በማይደርስበት ስፍራ እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ያሳርፍልን።