ከእህቴ ጎን ስለሚቀመጠው ባዶ ወንበር

ለዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችና መምህራን የሠራተኛ ማኅበር
የውጭ አገር አባላት ጉዳይ ክፍል ኃላፊ
ለክቡር አቶ ራይኔ ሊንቱላ
ሄልሲንኪ

ጉዳዩ፦ እህቴ ስድስት ወር እንድትጠብቅ ስለተደረገላት ቸርነት ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ እጅዎ ሲገባ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ በቢሮዎ መግቢያ ላይ የተራ ቁጥር የሚያድለው ማሽንም በሙሉ ጤንነት እንድትገኙ ከልብ እመኛለሁ። ኦትሶ ፑርሆነን እባላለሁ፤ ዕድሜዬ ሃያ አራት፣ ነዋሪነቴ ኩህሞ፣ ትምህርቴ ደግሞ እስከ ሙያ ትምህርት ቤቱ በር ድረስ ነው፤ ከበሩ ወዲያ ያለውን እኔና ርዕሰ መምህሩ ተስማምተን ትተነዋል። ስለዚህ በጽሑፌ ላይ ጉድለት ቢያገኙ በትዕግሥት እንዲያልፉት እለምናለሁ፤ ትዕግሥት በመሥሪያ ቤትዎ የተትረፈረፈ ነገር መሆኑን አይቻለሁና። ደብዳቤውን በከተማችን ጋዜጣ ማውጣቴም ለድፍረት አይደለም። ከዚህ በፊት የላክኋቸው ሦስቱ «መልእክትዎ ደርሶናል» የሚል አንድ ዓይነት መልስ ስላስገኙልኝ፣ አራተኛው ለሌላ ሰውም ቢደርስ ምን ይጎዳል ብዬ ነው።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። ታላቅ እህቴ ኬርቱ የሐይቅ በረዶ ታጠናለች። አሥራ አንድ ክረምት ሙሉ በኬልታ ሐይቅ ላይ በየሳምንቱ ቀዳዳ እየተበሳ የበረዶው ውፍረት በመዝገቧ ሰፍሯል። አሥራ አንዱንም ዓመት የማኅበርዎ አባል ነበረች። ባለፈው መስከረም በሰሜን ኖርዌይ ያለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ለሦስት ዓመት ቀጠራትና ሄደች። በጥር ወር አለቃዋ የሆኑት ፕሮፌሰር ያ የአሥራ አንድ ክረምት መዝገብ በእሳቸው ስም እንዲታተም ጠየቋት። እምቢ አለች። በሳምንቱ «ከባልደረቦቿ ጋር ተግባብታ መሥራት ስላልቻለች» ውሏ እንዲቋረጥ ሐሳብ ቀረበ። የፊታችን ሐሙስ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ጉዳይዋ ይሰማል። በፕሮፌሰሩ በኩል ሦስት ሰዎች ይቀመጣሉ። በእሷ በኩል ደግሞ፣ የመጥሪያውን ቃል እንዳለ ልጥቀስልዎ፣ «የሠራተኛ ማኅበሯ አባል የሆነ አንድ ሰው አጠገቧ ተቀምጦ ስለ እሷ መናገር ይችላል።» በዚያ ወንበር ላይ እስከ ዛሬ የሚቀመጥ ሰው አልተገኘም። ምስጋናዬ እንግዲህ ከዚህ ይጀምራል።

1ኛ. እውነት መናገር ምን እንደሚያስከትል ለቤተሰባችን ስላስተማሩ እናመሰግናለን። ኬርቱ ኖርዌይ በገባችበት ዕለት፣ ሻንጣዋን እንኳ ሳትፈታ፣ የማኅበርዎን «የአድራሻ ለውጥ» ቅጽ ሞላች። ማንም አልጠየቃትም። እኛ እንዲህ ነን፤ ቅጽ ካየን እንሞላለን፤ ግራ ቀኙ ጭር ባለ ጎዳና ላይ ቀይ መብራት እስኪለቀን በብርድ የምንገተር ሰዎች ነን። ቅጹ እንደተላከ ኬርቱ «የውጭ አገር አባል» ተባለች፤ አሥራ አንድ ዓመቷ ተሰርዞ ከዜሮ ጀመረች፤ የውጭ አገር አባል ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ለተነሣ ክስ ጠበቃም ወኪልም አያገኝም። የእሷ ክስ የተነሣው በአምስተኛው ወር ነው። አንድ የሠፈራችን ልጅ ግን በስኮትላንድ ሰባት ዓመት ሲያስተምር አንድ ቅጽ አልሞላም፤ ፖስታው ዛሬም እናቱ ቤት ይመጣል። ዓምና ከአለቃው ጋር ሲጣላ ማኅበርዎ ከረባት ያሰረ ጠበቃ በአውሮፕላን ላከለት። ስሙን አልናገርም፤ ለገና ሲመጣ በበረዶ ላይ የሚነዳውን ሞተሩን ያውሰኛል።

2ኛ. በስልክ ለተደረገልኝ ማጽናኛ አመሰግናለሁ። አርባ ደቂቃ ሙዚቃችሁን ካደመጥኩ በኋላ አንዲት ሠራተኛችሁ አነሣችው።

«ስንተኛ ወሯ ነው?»

«አምስተኛ።»

«ውይ! ትንሽ እኮ ነው የቀራት።»

«ታዲያ ፕሮፌሰሩን አንድ ወር ታግሠው ቢጣሏት ብለን እንለምናቸው?»

«እሱ እንኳ አይረዳችሁም፤ የክሱ ደብዳቤ የተጻፈበት ቀን ነው የሚቆጠረው።» ይህን ብላ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ስማኝ ወንድሜ፣ ከኔ እንዳልሰማህ ሁን እንጂ፣ እኔ ብሆን ያንን ቅጽ አልሞላውም ነበር» አለችኝ።

ስሟን ቢጠይቁኝ ረስቼዋለሁ። በመሥሪያ ቤትዎ እውነቱን የነገረችኝ እሷ ብቻ ስለሆነች እንድትጎዳብኝ አልፈልግም።

3ኛ. በጎረቤት አገር ካለው ወንድም ማኅበር ጋር ስላላችሁ መግባባት እናመሰግናለን። እነሱ «አንቺ የአገርሽ ማኅበር አባል ነሽ፤ ሁለት ቦታ አይሆንም፤ እነሱ ይዩልሽ» አሏት። እናንተ ደግሞ «ያለሽው እነሱ አገር ነው፤ እነሱ ይዩልሽ» አላችኋት። እንዲህ አንድ ቃል የሚናገሩ ሁለት ማኅበራት ከየት ይገኛሉ! በዚያው ሳምንት መጽሔታችሁ ቤታችን ደረሰ፤ በሽፋኑ ላይ እርስዎ ፈገግ ብለዋል፤ ከፎቶዎ ሥር «ድንበር የማያግደው አጋርነት» ይላል፤ በውስጡም ማቀዝቀዣ ላይ የሚለጠፍ ማግኔት በስጦታ ተቀምጧል። እናቴ ስጦታ አትጥልም። የኬርቱን መጥሪያ ቅጂ በእርሱ ለጥፋዋለች፤ ወተት ለማውጣት ማቀዝቀዣውን በከፈትን ቁጥር አጋርነታችሁን እናያለን።

4ኛ. ይህን እናቴ አንብባ አስፍቃኛለች።

5ኛ. ይህኛው ምስጋና አይደለም፤ ምን ብዬ እንደምጠራው ስላልገባኝ ቁጥር ብቻ ሰጥቼዋለሁ። ባለፈው ሰኞ ለኬርቱ ደወልኩ።

«እንዴት ነሽ?»

«ደህና ነኝ። የሚሰማበትን ክፍል አሳዩኝ። ወንበሩን አዘጋጅተውታል፤ ስም የሚጻፍበት ካርድም ፊቱ አቁመዋል። ባዶ ካርድ።»

«ካፖርትሽን አስቀምጪበታ! ካፖርትሽ ከፕሮፌሰሩ የተሻለ በረዶ ያውቃል።»

«ኦትሶ፣ ተው በቃ።»

ከዚያ ዝም አለች። ክቡር ሆይ፣ ይህች ሴት ዝም አትልም። ከዜሮ በታች ሠላሳ ዲግሪ ላይ፣ ሽፋሽፍቷ በረዶ ጋግሮ፣ «አንተ ደንቆሮ፣ ቀጥ አድርገህ ብሳው! ጠማማ ቀዳዳ ጠማማ ቁጥር ነው የሚሰጠኝ!» እያለች አሥራ አንድ ክረምት የጮኸችብኝ ሴት ናት። ከአሥራ ሦስት ዓመቴ ጀምሮ መሰርሰሪያውን ተሸክሜ በረዶውን የበሳሁት እኔ ነኝና ጩኸቷን አውቀዋለሁ። ዝምታዋን ግን አላውቀውም ነበር።

ስልኩን ዘግቼ ብዙ አሰብኩ፤ ማሰብ ስለማይሆንልኝም ልማዴን አደረግሁ። ለመሳቅ ብዬ የማኅበርዎን ድረ ገጽ ከፍቼ የአባልነት ቅጽ ሞላሁ። በልጅነቴ ከትምህርት ቤቱ ጣሪያ ላይ በረዶ በመምህራን ኮፍያ ላይ ስጥል የኖርኩ ሰው ነኝና ይህ ከዚያ አይብስም። ነገር ግን በክብርዎ ፊት እምላለሁ፣ አንድም ውሸት አልጻፍኩም። የጥናት መስክ? «በረዶ።» የሥራ ድርሻ? «ቀዳዳ መብሳት።» የአገልግሎት ዘመን? «አሥራ አንድ ክረምት።» የሚሠሩበት ተቋም? «ኬልታ ሐይቅ።» የትምህርት ደረጃ የሚለውን ባዶ ተውኩት፤ ቅጻችሁም ምንም አላለኝም። በአራት ደቂቃ ውስጥ «እንኳን ደህና መጡ፣ ውድ ባልደረባችን!» የሚል መልስ መጣ። ዓርብ ዕለት ካርዱ በፖስታ ደረሰኝ። ስሜ አለበት፤ ቁጥር አለበት፤ ከጀርባው «ሙሉ አባል» ይላል። አገር ውስጥ የምኖር ስለሆንኩ ስድስት ወር አልጠብቅም።

እናቴ ካርዱን አገላብጣ አየችው። «አንተ? ተመራማሪ?» አለችና ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ወንበር ያዘች። ከዚያ ዓይኗ ማቀዝቀዣው ላይ ወዳለው መጥሪያ ሄደ፤ ሳቋም እዚያው ቆመ። «የማኅበሯ አባል የሆነ አንድ ሰው ነው የሚለው» አለች። «ጠበቃ አይልም። የተማረም አይልም።» ተነሥታ የአባቴን ሙሉ ልብስ ከቁም ሣጥን አወጣች፤ ነፍሱን ይማርና እጅጌው ይረዝምብኛል፤ ዛሬ እያሳጠረችው ነው።

ስለዚህ ማክሰኞ ጠዋት ለጉዞ እነሣለሁ። በመኪናዬ ኋላ መሰርሰሪያውን ጭኛለሁ። በዚያ ወንበር እቀመጣለሁ፤ ባዶው ካርድ ላይ ስሜን እጽፋለሁ፤ ስለ ሕግ ከጠየቁኝ አላውቅም እላለሁ። ስለ መዝገቡ ከጠየቁኝ ግን የትኛው ቀዳዳ የት እንደተበሳ፣ በየትኛው ሳምንት ነፋሱ እንደጣለን፣ ማን ጓንቱን አውልቆ ቁጥሩን እንደጻፈ አንድ በአንድ እነግራቸዋለሁ፤ ጓንቷን የምታወልቀው ሁልጊዜ እሷ ነበረችና። በመጨረሻም መሰርሰሪያውን ጠረጴዛው ላይ አጋድሜ፣ በትሕትና፣ በየት በኩል እንደሚያዝ ፕሮፌሰሩን እጠይቃቸዋለሁ።

ይህን ሁሉ እንዳደርግ በአራት ደቂቃ ሥልጣን ለሰጠኝ መሥሪያ ቤትዎ፣ እጄን በደረቴ ላይ አድርጌ፣ አባቴ ለማንም ዝቅ ያላለውን ያህል ዝቅ ብዬ እሰናበትዎታለሁ።

የማኅበርዎ ሙሉ አባልና ውድ ባልደረባዎ
ኦትሶ ፑርሆነን
ቀዳዳ በሺ፣ ኩህሞ

ግልባጭ፦
ለእናቴ (አራተኛው ቁጥር እንዳስፋቀችኝ መቅረቱን እንድታረጋግጥ)
ለማቀዝቀዣው

ማስታወሻ፦ እውነተኛ ጠበቃ ለመላክ ከወሰኑ እስከ ረቡዕ እኩለ ቀን ይደውሉልኝ፤ ወንበሩን ያለ አንዳች ቅሬታ እለቃለሁ። እስከዚያ ግን አንድ ችግር አለብኝ። ማክሰኞ ድንበር ስሻገር እንደ እህቴ የአድራሻ ለውጥ ቅጽ የምሞላ ከሆነ፣ ወንበሩ ላይ ሳልደርስ ከዜሮ ልጀምር ነው። ስለዚህ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ትምህርት እስከ መጨረሻው ተምሬአለሁ፤ መምህሬም እርስዎ ነዎት፤ ቅጹን አልሞላም።