ታንኳዋን የምናወርድበት ቅዳሜ

ሮቤ፣ መስከረም 22 ቀን 2018 ዓ.ም.

ውድ ሙለታ፣

እንዴት ነህ? የብድሬ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እኛ ደህና ነን። ሀይሚ ሦስተኛ ክፍል ገብታለች፤ የፊት ጥርሷ ወልቋል። እኔም መዝገብ ቤት እሄዳለሁ፣ ፋይል አወጣለሁ፣ ፋይል እመልሳለሁ፣ ቤት እገባለሁ። ስልክ ስደውልልህ አንተም ዝም ትላለህ፣ እኔም ዝም እላለሁ። ስለዚህ መጻፍ ይሻላል ብዬ ነው። የብድሬው አውቶቡስ ሹፌር አደርስልሻለሁ ብሎኛል።

ነሐሴ ላይ የወርክሾፕህ ጣሪያ አፈሰሰ። ዕቃ ልናነሳ ከሀይሚ ጋር ገባን። እሷ ሸራውን ገለጠችው። ለልጆቹ የጀመርካት ታንኳ እንደተውካት አለች፤ አንደኛው ጎኗ ጣውላ አልተመታበትም። ውስጧ የሳሚ ደብተር ተቀምጧል። ወይብ ወንዝን በእርሳስ ስሎታል፣ ከድልድዩ በታች ያለውን። ከሥሩ እንዲህ ይላል፦ «አባባ ከኋላ፣ እማማ ከፊት፣ ሀይሚ መሀል። ድንጋይ ያለበት ቦታ ታንኳዋን አውጥተን እንሸከማለን። መሸከሚያው አጭር ይሁን፣ ሀይሚ ትንሽ ናት። ብስኩት አይረሳ።»

ሀይሚ ጮክ ብላ አነበበችው። «እኔ እኮ አሁን ትልቅ ነኝ። መቼ ነው የምንሄደው?» አለችኝ።

እሺ አልኳት። ለምን እሺ እንዳልኩ አላውቅም። ሳሚን ከቀበርን ጀምሮ ለሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ እሺ ነው የምለው።

ቀነዓን ጨርስልን ብዬ ለመንኩት። ሸሪክህ አይደል፣ መጀመሪያ እምቢ አለ። «ማሎ፣ እባክሽ ኢየሩስ፣ ሙለታ የጀመረውን እኔ ምን ብዬ እነካዋለሁ?» አለኝ። ሀይሚ አፍጥጣ አየችው። በማግስቱ ሙጫና ጣውላ ይዞ መጣ። ሁለት ሳምንት ፈጀበት። ሥራው እንዳንተ ለስላሳ አይደለም፤ ውኃ ግን አታስገባም። ለልጆቹ ላይፍ ጃኬት ደግሞ እህቱ ከሐዋሳ ላከችለት።

ከዚያ ወንዙን በእግር ሄጄ አየሁት። ሁለት እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ። ሥራ ስለሆነ ደስ አለኝ ልልህ ነበር፤ ደስ አላለኝም፣ ግን ሥራ ነበር። ከድልድዩ በታች ውኃው ዝም ያለ ነው። ቀነዓ በእንጨት ሲለካው ብዙው ቦታ ከሀይሚ ወገብ አይበልጥም። ሁለት ቦታ ብቻ ነው ወርደን የምንሸከመው። አንደኛው ገበሬዎቹ ለመሻገሪያ ድንጋይ የደረደሩበት ነው፤ በዳሩ ሣር አለ፣ ስልሳ እርምጃ። ሁለተኛው ከመስኖው ግድብ ጎን ነው፣ መቶ ሃያ እርምጃ፣ መንገዱ ግን ሜዳ ነው። ሀይሚና የጎረቤታችን ልጅ ጂቱ መቅዘፊያና የምሳውን ከረጢት ይይዛሉ። ታንኳዋን እኔና ቀነዓ። ከግድቡ በታች ስንዴው ወንዙ ድረስ ወርዷል፤ እዚያ ምሳ በልተን፣ ትንሽ ቀዝፈን እንጨርሳለን። በጠቅላላው ከሁለት ሰዓት ተኩል አይበልጥም። ከዚያ በላይ ልጆች ይሰለቻሉ።

ባለፈው እሑድ ያለ ልጆቹ ሞከርናት። ግድቡ ጋ ታንኳዋን ላወጣ ስል ጭቃው አንሸራተተኝና እስከ ደረቴ ገባሁ። ቀነዓ ጮኸ። ክንዴን ይዞ ጎትቶ አወጣኝና ጃኬቱን አለበሰኝ።

«በረደሽ?» አለኝ።

«እንጃ» አልኩት። ጥርሴ ይንገጫገጫል፣ እጄ ይንቀጠቀጣል፤ እኔ ግን እንደ ሌላ ሰው እጅ ቁጭ ብዬ አየዋለሁ። ቀነዓ ፊቱን አዞረ። ያለቀሰ መሰለኝ።

ቤት ስገባ ሀይሚ እርጥብ ልብሴን አየች። እየሮጠች መጥታ ሆዴን በሁለት እጇ ትደበድበኝ ጀመር። «አንቺም ልትሞቺ ነው? አንቺም?» ሙለታ፣ ልጅቷ ወንድሟ ሲቀበር እንኳ አላለቀሰችም። እሑድ ዕለት አለቀሰች፣ ድምጿ እስኪዘጋ። እኔ ይዣት መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

ሲበቃት ዓይኗን ጠረገችና የሳሚን ደብተር አመጣች። ከሥሩ በራሷ ጽሕፈት ጨመረችበት፦ «አንድ ትልቅ ሰው ገመድ ይዞ በዳር በዳር ይሄዳል። ካልተገኘ አንሄድም።» እኔና ቀነዓ ታንኳዋ ውስጥ ነን። ቀነዓ «ወንድሜን አመጣለሁ» አለ። ቆይ አልኩት።

አሁን ልነግርህ ያልቻልኩትን ልንገርህ። ሳሚን ያተኮሰው ዕለት ሐኪም ቤት እንውሰደው ያልከው አንተ ነህ። ነገ እንውሰደው፣ ጉንፋን ነው ያልኩት እኔ ነኝ። ለቅሶው ድንኳን ውስጥ እናትህ በሰው ፊት «ልጁን ማን ነው ያዘገየው?» ብለው ሲጠይቁ «እኔ ነኝ» አልካቸው። እኔ አጠገብህ ቆሜ ነበር። ዝም አልኩ። እናትህ አንተን ማናገር ሲተዉም ዝም አልኩ። ግንቦት ላይ ሻንጣህን ይዘህ ስትወጣም በሩን ከፈትኩልህ እንጂ አልተናገርኩም። አንተም አንድ ቀን እንኳ አንሥተህብኝ አታውቅም።

ትናንት ጎባ ሄጄ ለእናትህ ለአዴ ጤቤ ነገርኳቸው። ቆሜ ነው የተናገርኩት። ይሰድቡኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ጋቢያቸውን አስተካከሉና፣ «ሐኪም ቤት ቢወሰድስ፣ ማን ያውቃል» አሉ። ቆይተው ደግሞ፣ «ልጆቹ ወንዝ ላይ ይርባቸዋል። ጭኮ አዘጋጃለሁ» አሉኝ። ስወጣ በሩ ድረስ ሸኙኝ። «ልጄን ይምጣ በይው» አሉኝ። ያሉት ይህን ብቻ ነው፤ እኔም ምንም አልጨመርኩበትም።

ጉዞው ቅዳሜ ጥቅምት 8 ነው፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ከድልድዩ። ዝናቡ እስከዚያ ይቆማል ይላሉ። ዐርብ ማለዳ ከብድሬ ብትነሳ ለማታ ሮቤ ትገባለህ። ታንኳዋ ውስጥ ግባ አልልህም፤ ማየት ካልፈለግክም ይገባኛል። የቀረን በዳር የሚሄደው ሰው ነው። ገመዱ ሃያ ሜትር ነው። ሣሩ እርጥብ ስለሚሆን ቦቲህን አውጥቼ አጥቤልሃለሁ።

እኔ እስካሁን አላለቀስኩም። ይህን ላንተ ብቻ ነው የምነግረው።

በሄድክበት ሁሉ ሰው አይጥፋብህ። እጅህን ከመጋዝ፣ ልብህን ከብቸኝነት እመቤቴ ትጠብቅልኝ።

የሳሚና የሀይሚ እናት፣
ኢየሩስ