እርጅና ስለማይነካው የዝውውር ማመልከቻዬ

ለተከበሩ የሰው ኃይል አስተዳደር ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ የአክብሮት ሰላምታዬ ደረጃውን ወጥቶ፣ በተራ ጠባቂዎች መካከል አልፎ፣ እርስዎ ዘንድ ይድረስልኝ። ወገብዎ ከወንበር ሲነሱ እንዳይይዝዎ፣ ዓይንዎም ከስክሪኑ ብርሃን እንዲጠበቅልዎ ከልብ እመኛለሁ። የእኔን ጤና ከጠየቁኝ ደህና ነኝ፤ ካለሁበት ቦታ ግን ከተመደብኩ ጀምሮ ንቅንቅ አላልኩም።

ከብዙ ባለጉዳይ መካከል አላስታወሱኝ ይሆናልና ራሴን ላስተዋውቅ። በመሥሪያ ቤታችን ሥር ካሉት ሆስፒታሎች በመጨረሻው፣ አስፋልቱ አልቆ ኮረኮንቹም በሚያልቅበት ከተማ የምሠራ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። እዚያ ስመደብ ልጄ ገና ድክ ድክ ትል ነበር። ባለቤቴ አናጺ ነው፤ መሣሪያውም ደንበኛውም ትልቁ ከተማ ስለሆነ ነቅሎ ሊከተለኝ አልቻለም። እኔም አዳር ተረኛ እየሆንኩ በአንዲት የኪራይ ክፍል ሕፃን ላሳድግ አልችልም። ስለዚህ የባለቤቴ እህት «እኔ አለሁ አይደል እንዴ» ብላ ልጅቷን ተቀበለችን። ነገሩ ቢበዛ ለዓመት ነው ተባብለን ነበር። ደንባችን እንደሚለው አንድ ሠራተኛ ባመለከተ በዓመቱ የዝውውር ተራ ውስጥ ይገባል፤ ክፍት ቦታ ሲገኝም ቀድሞ ያመለከተው ቀድሞ ይሄዳል። እኔም ሳይደርቅ በእርጥቡ ብዬ በተመደብኩ ሰሞን አመለከትኩ። ልጄ አሁን ትምህርት ቤት ገብታለች። በመካከሉ ስለተደረገልኝ መልካም ነገር ሁሉ ምስጋናዬን በየተራው እንዳቀርብ ይፈቀድልኝ።

አንደኛ፣ ከወረቀት ስላላቀቁን አመሰግናለሁ። በእጄ ጽፌ ያመጣሁትን ማመልከቻ ጸሐፊዎ በፈገግታ መለሰችልኝና አጠገቧ አስቀምጣ፣ አዲስ በተዘጋጀው ቅጽ ላይ ራሷ ተየበችልኝ። ቅጹ ያምር ነበር። ዓርማው ከላይ፣ ፊርማው ከታች፤ ቀኑ ደግሞ ማንም ሳይነካው በቦታው ተጽፎ ተገኘ። «እሱን ራሱ ነው የሚሞላው» አለችኝ፤ እኔም የሥልጣኔን ነገር አደነቅሁ። «ዝውውር» በሚለው ፎልደር ውስጥ ሴቭ አደረገችው፤ አንድ ቅጂም ፕሪንት አድርጋ ሰጠችኝ። አውቶቡስ ላይ ሁለት ጊዜ አውጥቼ አነበብኩት።

ሁለተኛ፣ ስለ መዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ትጋት አመሰግናለሁ። ዓመቱ ሲሞላ ፈቃድ ወስጄ መጣሁና ተራዬ የት እንደደረሰ ጠየቅሁት። ሌላ ቢሮ ቢሆን ነገ ተመለሺ ይባላል፤ እሱ ግን ወዲያው ፋይሌን ከፈተና «እህቴ፣ ይሄኮ የዛሬ ነው» አለኝ። የሚቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሱ ግን ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረው፤ እውነትም ማመልከቻዬ የዚያን ዕለት ቀን ይዞ ቁጭ ብሏል። ከቦርሳዬ የታጠፈውን ቅጂ አውጥቼ አሳየሁት። በአክብሮት ተቀብሎ አየውና፣ ወረቀት ማስረጃ መሆኑ ቀርቷል፣ ሲስተሙ የሚያውቀው ሲስተሙ ውስጥ ያለውን ብቻ ነው ብሎ በአክብሮት መለሰልኝ። ስህተት ይሆናል ብዬ ከወራት በኋላ ተመልሼ መጣሁ። ያን ጊዜም የዛሬ ነበር። ስልክ ደውዬ ጠየቅሁ፤ የዛሬ ነበር። ከእኔ ወዲህ የሰው ልጅ ወልዶ ክርስትና ሲያነሳ፣ ቤት ሲሠራ፣ ጸጉሩ ሲሸብት አይቻለሁ፤ የእኔ ማመልከቻ ብቻ ዕለት በዕለት እንደተወለደ ነው።

ሦስተኛው ለጸሐፊዎ ነው፤ ይህኛውን ያለ ምንም ቅኔ እላታለሁ። እግሬ እስኪቀጥን ስመላለስ አንጀቷን ብበላው፣ አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ተቀምጣ ምሥጢሩን አገኘችው። ለካ በቅጹ ላይ ያለው ቀን የተጻፈ ቀን አይደለም፤ ፋይሉ በተከፈተ ቁጥር የዕለቱን ቀን አምጥቶ ራሱን የሚያድስ ነው። ቅጹን ያዘጋጀው ሰው «በራሱ ይታደስ» በምትል ትንሽ ሳጥን ውስጥ ምልክት አድርጎ ሄዷል። በዚያ ላይ ፋይሎቹ ማንም ሳያዛቸው ራሳቸውን ሴቭ እንዲያደርጉ ተደርጓል። እንግዲህ ተራዬን ሊያይልኝ ከፍቶ የዘጋ ደግ ሰው ሁሉ፣ ሳያውቀው ከሰልፉ አንስቶ ጭራ ላይ ያቆመኝ ነበር ማለት ነው። ጸሐፊዎ ምልክቷን ልታጠፋልኝ ሞከረች። ሳጥኗ ደብዝዛ አልነካም አለች፤ «ይህን ቅንብር ለመለወጥ ሥልጣን የለዎትም» የሚል ጽሑፍም ብቅ አለ። ቀኑን በእጇ ልትጽፈው ብትል ቅጹ ተቆልፏል። ምሳዋ እንደታሰረ ነበር።

አራተኛ፣ ሥልጣኑ ያለው የኮምፒውተር ክፍሉ እንደሆነ ስለተነገረን፣ ጸሐፊዎ ሳጥኗ ትስተካከል ዘንድ ጥያቄ ጻፈችላቸው። የኮምፒውተር ክፍሉ ለማንም አያዳላም፤ ጥያቄዎችን የሚመልሰው በቀናቸው ቅደም ተከተል፣ የቆየውን እያስቀደመ ነው። ጥያቄው የተጻፈው ደግሞ መሥሪያ ቤቱ በሚያዘው በዚያው ቅጽ ላይ ነበር። ከዚህ በላይ መናገር ጊዜዎን ማባከን ነው።

አምስተኛ፣ ስለ ባልደረባዬ ዝውውር አመሰግናለሁ። በዚያች ላቦራቶሪ ሁለት ነበርን፤ እሱ ከእኔ ፊት ለፊት ባለው ማይክሮስኮፕ ላይ ይሠራ ነበር። ከእኔ በኋላ የተመደበ፣ ከእኔ በኋላ ያመለከተ፣ ያላገባ ሰው ነው። ካመለከተ ወዲያ አገሩን ወደደው፤ ከግቢው ጀርባ የጓሮ አትክልት አለማ፣ ከነርሶቹም ከአንዷ ጋር ነገር ጀማመረ፤ ማመልከቻውንም እርግፍ አድርጎ ረሳው። እሱ ስላልጠየቀ ፋይሉን የከፈተው ሰው አልነበረም። ባለፈው በትልቁ ከተማ ሆስፒታል ቦታ ሲከፈት ኮሚቴው ፎልደሩን በቀን ቅደም ተከተል አስደረደረው፤ ከሁሉ በላይ የወጣው የእሱ ፋይል ነበር፤ አንድ ቀን ሳይጎድልበት አርጅቶ። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ይሉ የለ። የዝውውር ደብዳቤው የደረሰው ዕለት ፊቱ ጠቆረ። እንዲተውለት ቢጠይቅ የጸደቀ ዝውውር መመለስ በዲሲፕሊን ያስጠይቃል ተባለ። «አንቺ ነበርሽ መሄድ የነበረብሽ፤ እኔኮ ረስቼው ነበር» አለኝ፤ ቀና ብሎም ሊያየኝ አልቻለም። ቲማቲሙን እንዳጠጣለት አደራ ብሎኝ ሄደ። በእሱ ምትክ ሰው ስላልተላከ አሁን ላቦራቶሪው ማለት እኔ ነኝ።

ስድስተኛውን የት እንደማስገባው አላወቅሁም፤ መሥሪያ ቤቱን ይመለከታል ብዬም አልከራከርም። ባልደረባዬ ከሄደ በኋላ ከአጎራባች ጤና ጣቢያ አንድ ሰው ለጥቂት ቀን ተክተውልኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ልጄ በሩን ከፈተችልኝ፤ አክስቷ እንዳስተማረቻት ጎንበስ ብላ በሁለት እጇ ጨበጠችኝና ቦርሳዬን ተቀበለችኝ። እጅግ ጨዋ ልጅ ሆናለች። ያመጣሁላትን ጫማ አመስግና ተቀበለች፤ ጠበባት። የእግሯን ቁጥር የገመትኩት ከሩቅ ነበር። ራት በልተን ስንጨርስ ወደ ባለቤቴ እህት ጠጋ አለችና በጆሮዋ ያወራች መስሏት፣ «እማዬ፣ እንግዳዋ ዛሬ እዚህ ነው የምታድረው?» አለቻት።

የባለቤቴ እህት ሳህኖቹን ሰብስባ ወጣች፤ ተመልሳ አልመጣችም። ባለቤቴ ልጅቷን ሊቆጣ አፉን ሲከፍት በዓይኔ ከለከልኩት። እሷ ምን አጠፋች። አድራለሁ አልኳት፤ እሺ ብላ ብርድ ልብስ አመጣችልኝ።

በነጋታው ነው፣ ክቡር ሆይ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ እርስዎ ቢሮ የገባሁት። ያለ ቀጠሮ መግባቴን ሳይቆጡ አስቀመጡኝ፤ ውሃም አስመጡልኝ። ነገሬን ከሥሩ ጀምሬ ነገርኩዎ፤ ስለ ቀኑ፣ ስለ ሳጥኗ፣ ስለ ባልደረባዬ። ስለ ልጄ ግን መናገር አቃተኝ። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ፤ ከዚያም ኮምፒውተር ዘመድና ባዳ ስለማይለይ እኔን ለይቶ የሚበድልበት ምክንያት እንደሌለው አስረዱኝ። ግን አዘኑልኝ፤ ሐዘንዎም እውነተኛ እንደነበር አይቻለሁ። መነጽርዎን አጠለቁና ለነገሩ እልባት ለመስጠት ፋይሌን በገዛ እጅዎ ከፈቱት። ከወንበሬ ብድግ ማለቴን ያስታውሱ ይሆናል። አንዲቷንም ቃል ሳይዘሉ አነበቡት። ሲጨርሱ ቀና ብለው እንደ አባት፣ «እህቴ፣ ይሄኮ ገና ዛሬ የገባ ነው፤ ትንሽ ታገሺ እንጂ» አሉኝ። በዚህም ሳያበቁ የመዝገብ ቤቱን ሠራተኛ ጠርተው፣ የእኔ ጉዳይ እንዳይዘነጋ ሰኞ ሰኞ ጠዋት ፋይሉ እየተከፈተ ክትትል እንዲደረግበት አዘዙልኝ። እኔም ምን ልበል፣ አመሰግናለሁ ብዬ ወጣሁ። ደረጃው ላይ ተቀምጬ ቀረሁ፤ የጥበቃው ሠራተኛ ራሴን ያዞረኝ መስሎት እስከ በር ደግፎ ሸኘኝ።

በእኔና በመሥሪያ ቤታችን መካከል ያለው ነገር ይህ ነው፤ ቅሬታ የለኝም። የበደለኝን ሰው ብፈልግ አላገኘሁም፤ ያገኘሁት ሁሉ ሊረዳኝ የከፈተ ነው። ክፉ ሰው ቢሆን ለምኜ፣ ተሟግቼ፣ ሽማግሌ ልኬ አበርደው ነበር። ስለዚህ አንድ ልመና ብቻ ይዤ በትሕትና በፊትዎ እቆማለሁ፤ እባክዎን ይርሱኝ። የሰኞውን ክትትል ያስቀሩልኝ። ተራዬን የሚያይልኝ፣ የሚያዝንልኝ፣ ጉዳዬን የሚያስታውስ ሰው ቢገኝ ይገሥጹልኝ። እኔም በበኩሌ ለአንድ ዓመት ላልደውል፣ ላልመጣ፣ ላልጠይቅ ቃል እገባለሁ። ማመልከቻዬ እንደ ሰዉ ያርጅልኝ። ይህን ደብዳቤ በእስክርቢቶ ጽፌ በፖስታ ልኬ በመሥሪያ ቤቱ መግቢያ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የማስለጥፈውም፣ በቅጹ ከጻፍኩት በዚያው ፎልደር ገብቶ እንዳይቀርብኝ ፈርቼ ነው እንጂ እርስዎን በአደባባይ ለማሳጣት እንዳልሆነ ይረዱልኛል።

ቸርነትዎ ለሌሎች ይብዛላቸው፣ ለእኔ ግን ጥቂት እንዲቀነስልኝ እየለመንኩ፣ መረሳቷን በተስፋ የምትጠባበቅ፣ ሁልጊዜ አዲስ አመልካችዎ፣

በመጨረሻው ሆስፒታል ብቻዋን የቀረች የላቦራቶሪ ባለሙያ

ግልባጭ፦
ለኮምፒውተር ክፍሉ፣ ተራው ሲደርሰው
ለባለቤቴ እህት፣ በአንቺ አለማዘኔን እንድታውቂልኝ

ማሳሰቢያ፦ ደብዳቤውን ጨርሼ ፖስታ ውስጥ ከመክተቴ በፊት፣ ምናልባት የሰኞው ክትትል ቀርቶ ከሆነ በከንቱ እንዳላስቸግርዎ ብዬ ወደ ቢሮዎ ደወልኩ። ስልኩን ያነሳው የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ነው። ማንነቴን ስነግረው ደስ አለው፤ «አንድ ጊዜ ቆዪኝ እህቴ፣ ከፍቼ ልይልሽ» አለኝ። «ተው» እስክለው ከፍቶት ነበር።