ደወልና የታችኛው መስክ

ለማከብርዎትና ለምሳሳልዎት አባቴ ለማት ዴቭሊን፣ ኪልዴር፣ አየርላንድ።

እንደምን ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? ዝናብ በመጣ ቁጥር የሚነሣብዎት ቁርጥማት ፋሲካ ካለፈ ወዲህ እንኳ አልተወዎትም? አክስቴ ቲሲስ ሳላቸው ለቀቃቸው ወይስ እንደ አምናው እስከ ግንቦት ሊቆይባቸው ነው? ዶናል ወንድሜ ከሥራ ሲመለስ ምድጃውን ያነድልዎታል ወይስ እንደ ልማዱ በካናቫን ሱቅ በር ላይ ቆሞ ወሬ ሲሰልቅ ያመሻል? ሞሊስ? ጥርሷ እንዳለቀ ጽፈውልኝ ነበርና ምግቧን እያለሰለሱ ይሰጧታል? አርጅታለች ብለው እንዳይተዋት፤ በቤታችን የቀረችን ባዝራ እሷ ብቻ ናት።

እኔ ደኅና ነኝ ብዬ ጽፌ ነበር፤ ከላይ የተሰረዘው መስመር እሱ ነው። ደኅና አይደለሁም አባቴ። ጨንቆኛል። ጽሕፈቴ ተንጋዶ ማንበብ ቢቸግርዎት ለዶናል ይስጡትና ያንብብልዎት፤ ብቻ አክስቴ ቲሲ በሌሉበት ይሁን።

ነገሩ የምጋልበው ፈረስ የደወል ነው። በጥቅምት እኔን ሊያዩ በመርከብ የመጡ ጊዜ ያን ጠዋት እንዴት እንዳዩት አይረሱትም። አሰልጣኙ ሚስተር ስቴቭሊ፣ ያ ኩሩ ሰው፣ ራሱ ከጋጣው አውጥቶ ሊያሳይዎት ቢቆም፣ እርስዎ ባርኔጣዎን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው «ከፊቱ አያሳዩኝ ጌታዬ፤ ከፊቱ ሁሉም ቆንጆ ነው። ዞር ያድርጉልኝ» አሉት። እኔ የምገባበት ጠፋኝ። ሰውየው ግን ሳቀና አዞረልዎት። ሲራመድ ከኋላ ተመለከቱት፤ የኋላ ኮቴው የፊተኛውን ዱካ አልፎ ሲያርፍ በአድናቆት ከንፈርዎን ነከሱ። ትከሻውን ዳበሱ፣ ደረቱን በክንድዎ ለኩ፣ አንገቱን ሲይዙ መዳፍዎ ጠበበ። ወደ አውቶቡሱ ስንሄድ ክንዴን ጨብጠው «ይሄ የሁለት ዓመት ልጅ አይደለም ኦርላዬ፤ ሰውዬ ነው! ጓደኞቹ ገና ወተት አፋቸው ላይ አለ፣ እሱ ጢም አብቅሏል» አሉኝ። እኔም ያን ቀን ከእርስዎ የበለጠ ፈረስ የሚያውቅ ሰው በእንግሊዝ አገር የለም ብዬ ኮራሁ።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ደወል የሮጡትን ሁሉ ጥሎ ብቻውን ገባ። ጋዜጦቹም ለፀደዩ ትልቅ ሩጫ፣ ሁለት ሺህ ጊኒ ለሚባለው፣ ስሙን መጻፍ ጀመሩ። እርስዎ ከጋዜጦቹ ቀድመው ነበር። የታችኛውን መስክ ለሄጋርቲ ሸጠው፣ አወራራጆቹ ለአንድ ሠላሳ ሦስት ሲሰጡ ገንዘቡን በደወል ላይ አስያዙ። ካናቫንና የሱቁ ደንበኞችም «ማት ካለማ አለ ነው» ብለው ተከተሉዎት። በክረምት ለሚወራረድ ሰው ያን ያህል የሚሰጡት ለምን እንደሆነ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት፤ ፈረሱ ይታመም፣ ያንክስ፣ ጭራሽ ይሙት፣ ከመነሻው መስመር ላይ ካልቆመ ገንዘቡ ቀልጦ ይቀራል፤ የሚመልስ የለም። ይህን እያወቁ ገቡ። አልወቅስዎትም። ቢያሸንፍ መስኩን መልሰው፣ አጠገቡ ያለውንም ጨምረው፣ ሁለት ወጣት ባዝሮች ገዝተው እንደ አያቴ ዘመን እንደገና ሊያረቡ ነበር። እኔም እዚህ በየማለዳው ጀርባው ላይ ስወጣ የማስበው ያንኑ መስክ ነበር።

አሁን ሳስበው ያ አንገት ነበር ሊነግረን የሞከረው። እርስዎም ሚስተር ስቴቭሊም እኔም ውፍረቱን ጉልበት ነው አልን። ድንጉላነቱ ከዕድሜው ቀድሞ የደረሰበት ነው ያለ ግን አልነበረም። ከየካቲት ወዲህ፣ ቀኑ መርዘም ሲጀምር፣ ያ ፀጥተኛ ፈረስ ሌላ ሆነ። ባዝራ ከሩቅ ሲሸተው ቆሞ ያናፋል፣ መሬቱን ይቆፍራል፣ ጋጣው ሲከፈት ጥርሱን አውጥቶ ይመጣል። ከእኔ በቀር የሚቀመጥበት ጠፋ። ጋጣውን የሚጠርገው ሽማግሌው ዊልፍ ብቻ ነበር የሚደፍረው። ዊልፍን ያስታውሱታል፤ ሲመጡ ሻይ በትልቅ ጣሳ ያቀረበልዎት ሰው ነው። እሱማ በነገሩ ይቀልድ ነበር። «ይሄ ልጅ መነኩሴ ቢሆን ገዳሙን ያፈርስ ነበር» ይላል። እኔን ሲያይ ደግሞ «እቴጌ አየርላንድ፣ መቁጠሪያሽን ይዘሻል? ዛሬ ጌታዬ በግራ ጎኑ ነው የተነሣ» ይለኛል።

የሚያቃጥለኝ ፍጥነቱ አለመጥፋቱ ነው። ሰነፍ ሆኖ ቢሆን ቁርጤን አውቄ አርፍ ነበር። ሰኞ ማለዳ ዋረን ኮረብታ ላይ ከማሠልጠኛችን ምርጥ የአራት ዓመት ፈረስ ጋር አስኬዱን። ልጓሙን ጠበቅ አድርጌ እንደያዝኩ፣ ምንም ሳልነካው፣ እንደ ቆመ ነገር አለፈው። ነፋሱ ዓይኔን አስለቀሰኝ፤ ነፋሱ ብቻም አልነበረም። ዳገቱ ጫፍ ላይ ሚስተር ስቴቭሊ መነጽሩን አውርዶ ሰዓቱን ደጋግሞ አየ። እኔ በልቤ «አባዬ፣ መስኩን አገኘነው!» አልኩ።

ወደ ከተማው ስንወርድ ከሌላ አሰልጣኝ ጋጣ የወጣች ባዝራ መንገዱን አቋረጠች። ደወል በኋላ እግሩ ቆመ። እኔ ወደቅሁ። ዊልፍ ሊቀበለን በእግሩ መጥቶ ኖሮ ሮጦ ልጓሙን ያዘ። አባቴ፣ እንደ ውሻ ነው ክንዱን የነከሰው። ነክሶም አልለቀቀም፤ ጣለውና በጉልበቱ ተንበረከከበት። ሌሎቹ ጋላቢዎች ወርደው በአለንጋ እየመቱ ነው ያስለቀቁት። የዊልፍን ድምፅ እስካሁን እሰማዋለሁ። ሆስፒታል የተሰበረ ክንዱን ቀጥለውለታል፤ እጁ ዳግም ይሠራ እንደሆነ ግን ሐኪሞቹ አያውቁም። ማታ ሄጄ ጠየቅሁት። ፊቱ እንደ አመድ ሆኖ እንኳ ሊቀልድ ሞከረ፤ «ሻይ በግራ እጄ ማፍላት ልማር ነው» አለኝ። ልወጣ ስል ግን ጠራኝና «አንቺ ልጅ፣ ፈረሱን አትጥዪው። ደግ ፈረስ ነው፤ ያለበትን አያውቅም። ግን እባክሽ አትቀመጪበት» አለኝ።

ማክሰኞ ተቀመጥኩበት። ምንም አላደረገም። ትናንት ረቡዕ ኮርቻውን በክንዴ ይዤ ከጋጣው በር ደረስኩና እግሬ እምቢ አለኝ። መቀርቀሪያውን ይዤ ቆምኩ። ከዚያ ኮርቻውን ወደ ቦታው መለስኩ። ሚስተር ስቴቭሊ አይቶኛል። አባቴ፣ ፈራሁ። ይህን ቃል በቤታችን ማንም ብሎት አያውቅም፤ እርስዎ የጎድን አጥንትዎ ተሰብሮ እንኳ እንደገና ወደ ኮርቻው ሲወጡ ነው ያየሁት። እኔ ግን ፈራሁ። ሌሊቱን ሙሉ ዓይኔን በጨፈንኩ ቁጥር ጥርሱ ይታየኛል።

ዛሬ ጠዋት ሚስተር ስቴቭሊ ቢሮው አስገብቶ አስቀመጠኝ። በዚህ አገር የፈረሱን ጠባይ የሚናገረው የሚጋልበው ሰው ነው፤ አሰልጣኙ ሌላውን ሁሉ ይወስናል፣ እሱን ግን ይጠይቃል። «ኦርላ፣ ሌላ ሰው አላስቀምጥበትም» አለኝ። «ሌላ አስቀምጬ ቢገድልብኝ እንዴት አድርጎ እንቅልፍ ይወስደኛል? የፈረሱ ባለቤት ውሳኔውን ለእኔ ትታዋለች፤ እኔም ላንቺ። እቀመጥበታለሁ ካልሽ ለሩጫው ሦስት ሳምንት ቀርቶናል። አልችልም ካልሽ የእንስሳት ሐኪሙ ዛሬ መጥቶ ያኮላሸዋል። እስከ እኩለ ቀን አስቢበት።»

ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለእርስዎ አልነግርዎትም። ያ ሩጫ የነገ ውርንጭሎች አባት የሚመረጥበት ነው፤ ለተኮላሸ ፈረስ በሩ ዝግ ነው። ሐኪሙ እጁን ካሳረፈበት ደወል ከመነሻው መስመር አይቆምም፤ የታችኛው መስክም ሄደ። ሚስተር ስቴቭሊ የመስካችንን ነገር አያውቅም። ቢያውቅ «እሱን አታስቢው» ይለኝ ነበር፤ መስክ የተረፈው ሰው እንዲያ ማለት አይከብደውም።

እና ምን ልበለው? ይንገሩኝ እንጂ አባቴ! ሦስት ሳምንት ምን አላት እላለሁ። መቁጠሪያዬን ጨብጬ፣ ባዝራ የሌለበትን መንገድ መርጬ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ሦስት ሳምንት ብቀመጥበትስ እላለሁ። ከዚያ ዊልፍ ይመጣብኛል። መልስዎ እዚህ እስኪደርስ ቀናት እንደሚፈጅ እያወቅሁ ነው የምጠይቅዎት፤ ሌላ የምጠይቀው ሰው የለኝም። ሰዓቱ ደርሷል፤ እየጠሩኝ ነው።

ተመልሻለሁ። አልቋል።

«እቀመጥበታለሁ» ልል ነበር የሄድኩት። እውነቴን ነው፤ ግቢውን እስካቋርጥ ድረስ ቃሉ አፌ ላይ ነበር። አሰልጣኙ ፊት ስቆም ግን የወጣው «አልችልም» የሚለው ነው። ደግሜ እንድናገር አልጠየቀኝም። ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ስልኩን አነሣ።

ሐኪሙ ሲመጣ ደወል ማንንም አላስጠጋም አለ። እንደገና እኔን ጠሩኝ። ያን መቀርቀሪያ፣ ትናንት ያቃተኝን፣ ዛሬ ከፈትኩትና ልጓሙን ያዝኩ። መርፌው ሲወጋው ዓይኑን አፈጠጠብኝ፤ ከዚያ ጭንቅላቱ እየከበደ መጥቶ ትከሻዬ ላይ አረፈ። እርስዎ የለኩትን አንገት አቅፌ ቆምኩ። ብዙም አልቆየም። መስካችን የሄደው ዶናል የጫማውን ክር አስሮ እስኪጨርስ በሚፈጀው ጊዜ ነው። ሲጨርሱ ሚስተር ስቴቭሊ «ደግ ፈረስ ይሆናል፤ ብዙ ዓመት ይሮጥልናል፣ ታዪዋለሽ» አለኝ። ይሮጣል፤ ለእኛ ግን አይደለም። ከጋጣው ወጥቼ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ስለ መስኩ ይሁን፣ ስለ ደወል ይሁን፣ ከዚህ በኋላ እንደማልቀመጥበት በማወቄ እፎይ ብዬ ይሁን ለይቼ አላውቀውም።

በካናቫን ሱቅ በኩል ለምን አልደወልሽም ይሉኝ ይሆናል። ወደ ቢሮው ከመሄዴ በፊት ከመንገድ ዳር ስልክ ሳንቲም ይዤ ቆሜ ነበር። ቁጥሩን እስከ ግማሽ አዙሬ ዘጋሁት። «ልጄ፣ ትንሽ ጽኚ» ቢሉኝ እቀመጥበት ነበር፤ ምን ቢደርስብኝም የእርስዎ ዕዳ ይሆን ነበር። «ተዪው» ቢሉኝ ደግሞ መስኩን የሸጡትም የጣሉትም እርስዎ ይሆኑ ነበር። ሁለቱንም ላሸክምዎት አልወደድኩም። ለካናቫንና ለሌሎቹም «ልጄ ፈርታ ነው» ብለው ይንገሯቸው። እውነቱ እሱ ነው፤ እርስዎ በፈረሱ አልተሳሳቱም፣ ፈጣን ነው ያሉት ፈጣን ነበር። ከሰዓቱ ጀርባ ያስቀመጡትን የውርርድ ወረቀት ግን ምድጃው ውስጥ ይጨምሩት፤ እያዩት አይክረሙ።

አክስቴ ቲሲን በሁለቱም ጉንጫቸው ይሳሙልኝ፤ ስለ ዊልፍ አይንገሯቸው፣ ይታመማሉ። ዶናልን ሰላም ይበሉልኝ፤ በእኔ ፈንታ ከእርስዎ ጋር እሑድ ቅዳሴ ይሂድ፣ ሰው ቢያጉረመርምብዎት አጠገብዎ ይቁም። ለካናቫን ሰላምታዬን ስሰድ እያፈርኩ ነው። ሞሊን ግንባሯን ይዳብሱልኝ። ሄጋርቲ እስከ ግንቦት መጨረሻ በመስኩ እንድትግጥ ፈቅዷል ብለውኝ ነበርና፣ የምትወጣበት ቀን ሲደርስ ብቻዎን እንዳያወጧት። ፈቃድ ጠይቄ እመጣለሁ፤ ልጓሟን እኔ እይዛለሁ።

ቢቆጡኝ አይገርመኝም፤ እስኪበርድልዎት ይቆጡ። ከዚያ ግን አንዲት ቁራጭ ወረቀት ትበቃኛለችና ይጻፉልኝ። ከመስኩ ይልቅ ከዚያ ፈረስ ላይ በመውረድሽ ደስ ብሎኛል ብለው ይጻፉልኝ፤ ውሸትም ቢሆን።

ልጅዎ ኦርላ

ኒውማርኬት፣ እንግሊዝ
ሐሙስ፣ ኤፕሪል 10 ቀን 1986 እ.ኤ.አ.