አምስት ሬዚስተርና አንድ የፕሪንተር ገመድ

ሰኞ፣ የካቲት 3
ጠዋት የአልጋ ጎማ ጠገንኩ። ከሰዓት የሆስፒታላችን ጨቅላ ሕፃናት ክፍል ጠራኝ። ካሏቸው ሁለት ማሞቂያዎች አንዱ ቀጥ ብሏል። ሙቀቱን የሚቆጣጠረው ቺፕ ተቃጥሏል። ባዶ ቺፕ አለን፤ የሚጫንበት ፕሮግራም ግን የለም፣ መጫኛ መሣሪያም የለም። ሻጮቹ ሙሉ ቦርድ እዘዙ ይላሉ፣ ሦስት ወር። ሁለት ሕፃናት ባንድ ማሞቂያ ተኝተዋል። ነርሷ "እነዚህ ሦስት ወር የሚጠብቁ ይመስሉሃል?" አለችኝ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 4
ዕቃ ግምጃ ቤት ገብቼ ስነጫነጭ፣ ዕቃ ጠባቂያችን እትዬ ሰሙኝ።
"ፕሮግራሙ በደህናው ማሞቂያ ቺፕ ውስጥ አለ አይደል? ከዚያ መገልበጥ ነው።"
"በምን መጫኛ፣ እትዬ?"
"እንሠራለና!"
ሳቄ መጣ። ለካ በወጣትነታቸው ሬዲዮ ጠጋኝ ነበሩ! አሥር ዓመት አብሬያቸው ስሠራ አንድ ቀን እንኳ ጠይቄያቸው አላውቅም። የአሮጌ ፕሪንተር ገመድ፣ ኤሌክትሪክ የሚቀንሱ አምስት ሬዚስተር፣ የቺፕ መቀመጫ... ሁሉም ከተጣለ ዕቃ። መበየጃ ሲይዙ ደግሞ እጃቸው አይስትም።

ዓርብ፣ የካቲት 7
መጫኛዋ አለቀች። መዳፍ አትሞላም። አቧራ ከጠጣው ኮምፒዩተር ጋር አገናኘናት።
"በቃ፣ ደህናውን ቺፕ ላምጣው?"
"ምን አጣደፈህ፣ ኢንጂነር? እሱ ከተበላሸ ሁለቱም ማሞቂያ ቆመ ማለት ነው።"
በሚጣል ቺፕ አሥር ጊዜ ይሞከር አሉ። ስድስቴ ልክ አነበበች። ሰባተኛው ላይ ዘባረቀች። እንደ እኔ ችኮላ ቢሆን ኖሮስ?

ሰኞ፣ የካቲት 10
ሁለት ቀን መጽሐፍ ሳገላብጥ ከረምኩ። ምንም። እትዬ ዛሬ ገመዱን በእጃቸው ለኩና "ረዝሟል፤ ምልክቱ መንገድ ላይ ይበላሻል" አሉ። አንስተው በመቀስ ቆረጡት፤ አንድ ስንዝር ብቻ ቀረ። እንደገና ሞከርን፤ አሥሩንም ጊዜ ልክ! ሌላ አሥር አስደገሙኝ። እኚህ ሴት ምን ዓይነት ሰው ናቸው?

ማክሰኞ፣ የካቲት 11
ነርሷ ሕፃናቱን ለየእናቶቻቸው ደረት ሰጠችና "ሃያ ደቂቃ!" አለችኝ። የደህናውን ማሞቂያ ቺፕ ነቅዬ ሮጥኩ። እትዬ ሦስት ጊዜ አነበቡት። ሦስቱም አንድ። በአሥራ አራተኛው ደቂቃ መለስኩት፤ ማሞቂያው ሠራ። ከዚያ ባዶው ላይ ጫኑት። ሲሰካ የሞተው ማሞቂያ መብራቱ ቦግ አለ። እንባዬ መጣ፣ ምን እደብቃለሁ።
"ሕፃን እንዳይገባበት። ሙሉ ቀን በቴርሞሜትር ይፈተሽ" አሉ። እኔ ረስቼው ነበር!

ሐሙስ፣ የካቲት 13
ሙቀቱ ንቅንቅ አላለም። ሕፃናቱ ለየብቻ ተኙ።
አለቃችን መጥቶ "አንተ አንበሳ!" ብሎ እጄን ጨበጠ። ባለፈው ሳምንት ቢሆን ዝም ብዬ እቀበለው ነበር። እጁን ሳልለቅ ግምጃ ቤት ድረስ ወሰድኩት። "አንበሳዋ እሳቸው ናቸው።"
እትዬ አምፖል እየቆጠሩ ነበር። ቀና እንኳ አላሉም።
"ቆዩ፣ ቁጥር ታሳስቱኛላችሁ።"
ከሰዓት የራሴን መጫኛ ጀመርኩ። ገመዱን ቆርጠው የሰጡኝ እሳቸው ናቸው። በእሳቸው ስንዝር ለክተው።